ጠመንጃው የአያት ነው፣ ጥይቱ ግን የሰሞኑ

ሰሞኑን በጎንደር አንባቢዎች ዘንድ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። የጎንደር ሰው መሣሪያ የሚገዛው ባህሉ ስለሆነ ነው፤ ፖለቲካው ቢሞቅም ቢበርድም ፍላጎቱ ያው ነው። ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው በመተማ በኩል በሚገባው መጠን ብቻ ነው። ጥይት የጠመንጃ ተከታይ ስለሆነ ጠመንጃውን የቆጠረ ጥይቱንም ቆጥሯል። አሜሪካኖችም በብዛት የሚገዙት መሣሪያ የሚደግፍ መንግሥት ሲመጣላቸው ነው። ስለዚህ ጠንከር ያለ የማስፈታት አዋጅ ቢታወጅ ገበያው ይቀዘቅዛል። እስከዚያው ግን ጠመንጃ የማይበላሽ ሀብት በመሆኑ ገዢውን አይጎዳውም።

ጸሐፊው የመሣሪያው መብዛት እንዳስጨነቃቸው ከጽሑፋቸው ይታያል። እኛንም ያስጨንቀናል። የምንለያየው በምክንያቱ ላይ ነው። ምክንያቱን የሳተ ሐኪም መድኃኒቱንም ይስታል፤ የእሳቸው መድኃኒት ደግሞ ሊያጠፉት የፈለጉትን እሳት የሚያራግብ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አልቻልንም።

መጀመሪያ ባህሉን እንያዝ። በደምቢያ፣ በአርማጭሆ፣ በቋራ ጠመንጃ የአባወራ ክብር መሆኑን የሚክድ የለም። ሰርግ ላይ ይታያል፣ ለቅሶ ላይ ይታያል፣ በፉከራና በቀረርቶ መሃል ይወዛወዛል፣ አባት ሲሞት ለልጅ ይተላለፋል። ባህሉ የሚያስረዳን ግን በቤቱ ውስጥ አንድ ጠመንጃ ለምን እንደተሰቀለ ነው። በዚህ ወር ሁለተኛ ለምን እንደተፈለገ አይነግረንም። አምና በአንድ ካዝና ጥይት ይበቃኝ ሲል የነበረ ሰው ዘንድሮ አራት ካልሞላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ያለበትን ምክንያትም አይነግረንም። ባህል በወር አይለወጥም፤ ግዢው ግን በሳምንት ይለወጣል።

የቅርቡን ጊዜ ብቻ እንመልከት። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባል የነበሩትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በተደረገው ሙከራ ጎንደር ከተማ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ ሐምሌ 24 ቀን ከተማዋ በሰልፍ ተሞላች። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ ሌሎች የጸጥታ ተቋማት እንደሚገቡ አስታወቀ፤ ጎንደርን ጨምሮ በክልሉ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ፉከራው ያው ነበር፣ ሰርጉም ያው ነበር። የተለወጠው አንድ አባወራ ሌሊት ተኝቶ ለራሱ የሚሰጠው መልስ ነው። በሬ ቢመታ ማን ይደርስልኛል? የያዝኩት ነገ ይከለከል ይሆን? ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌ ምን ያህል ታጥቋል? እነዚህ የፖለቲካ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ከሬዲዮና ከገበያ ወሬ እንጂ ከአያት አይወረስም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ገበሬውን ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀው። እገታ በመንገዱ ላይ ከተስፋፋ ወዲህ የአይሱዙ ባለቤቱም፣ የሰሊጥ ነጋዴውም፣ የጤና ጣቢያ ዘበኛውም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሦስተኛው ነው። አንዱ ቀበሌ ለመከላከል ብሎ ይገዛል፤ ማዶ ያለው ይህን አይቶ ሊመጡብኝ ነው ብሎ ይገዛል፤ የመጀመሪያው ደግሞ የማዶውን ግዢ የጥርጣሬው ማስረጃ አድርጎ ይጨምራል። ማንም ጠብ ሳይፈልግ ሁሉም ይታጠቃል። በማኅበርና በሰንበቴ፣ በጋብቻም ተሳስረው በኖሩት የአማራና የቅማንት ቀበሌዎች መካከል የደረሱትን ግጭቶች የሚያስታውስ ሰው ይህ አዙሪት ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ ያውቃል። ይህን ባህል ብሎ መጥራት ለሞቱትም ለቀሩትም ፍትሕ አይደለም።

የጸሐፊውን አሳብ በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ጥይት የሚያስገዛው ባህል ቢሆን ኖሮ ግዢው ከሰርግ ወቅት ጋር አብሮ በጥር ይወጣና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይወርድ ነበር። የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሰላም በሆነ ዓመት ሙሽራው ከቤት ሲወጣና ሲገባ ይተኮሳል፤ ልጆች በተኳሹ እግር ሥር ተራኩተው ቀለሃውን ይለቅማሉ፣ ትኩስነቱ ጣታቸውን ሲፈጃቸው ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ያገላብጡታል። ነገሩ ሲከፋ ጠመንጃው ሰርጉ ላይ ይመጣል፣ ተኩሱ ግን ይቀራል። ለወጉ ያህል አንዴ ሁለቴ ተተኩሶ ዝናሩ ይዘጋል። ጥይት በጣም በሚፈለግበት ዓመት ሰርጉ ጸጥ ይላል ማለት ነው፤ ባህሉ ከፖለቲካው ጋር ተሻምቶ ሲሸነፍ በዓይን የሚታየው እዚያ ነው።

ወደ ዋጋው እንሂድ። በመተማ በኩል የሚገባው ነገር ዋጋን እንደሚነካ እንቀበላለን። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ግዙፉ የደርግ ጦር ሲበተን ወታደሩ በየመንገዱ ጠመንጃውን ለዳቦና ለመሳፈሪያ ሸጦ ነው አገሩ የገባው፤ ክላሽ ረከሰ። ያ የአቅርቦት ጎርፍ ነበር። ችግሩ ጸሐፊው ከዚያ ተነሥተው ሁሉንም የዋጋ ለውጥ የበሩ ሥራ ማድረጋቸው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከጦርነቱ የተረፈና የተማረከ መሣሪያ በሰው እጅ መግባቱን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን እንደ 1983ቱ አልረከሰም። ያኔ ገዢው ጦርነቱ አለቀ ብሎ ያምን ነበር፤ አሁን ግን እንደዚያ የሚያምን ገዢ የለም።

ሁለቱን የሚለይ ቀላል መመሪያ አለ። ዋጋ ሲወጣ የሚሸጠው ብዛት ከቀነሰ በሩ ጠቧል፤ ችግሩ የአቅርቦት ነው። ዋጋ ሲወጣ የሚሸጠውም አብሮ ከጨመረ የተንቀሳቀሰው ፈላጊው ነው። ዋጋ ወርዶ ብዛት ከጨመረ እንደ 1983ቱ ጎርፍ መጥቷል። ዋጋም ብዛትም ከወረዱ ሰው መረጋጋት ጀምሯል። ዋጋውን ብቻ ይዞ ብዛቱን ሳያይ ምክንያት የሚናገር ሰው እየገመተ ነው፤ ጸሐፊው ያቀረቡት ዋጋ ብቻ ነው።

ዋጋውንም በብር መለካታቸው አሳስቷቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን የክላሽ ዋጋ በብር አስቀምጦ ገበያው ጋለ ማለት የብሩን መድከም የጠመንጃ ፍላጎት አድርጎ መቁጠር ነው። ገጠሩ ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል፤ ዋጋውን የሚጠራው በበሬ ነው። አንድ ክላሽ ስንት በሬ ነው፣ ወይም ስንት ኩንታል ሰሊጥ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው እውነተኛው ለውጥ የሚታየው። ሰሊጥ ብለን ከጠራን አይቀር፣ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ምርቱ በጥቅምትና በኅዳር ሲሰበሰብ ገንዘብ ይገባል፤ እርሻና ጎተራ የሚጠብቅ ዘበኛም ይፈለጋል። ያ ወቅታዊ ጭማሪ በየዓመቱ የሚመጣ ስለሆነ ከፖለቲካው ጋር እንዳይደባለቅ የዘንድሮን ኅዳር ከአምና ኅዳር ጋር እንጂ ከዘንድሮ ሐምሌ ጋር ማነጻጸር አይገባም።

አሁን ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የሳተበት ቦታ ደረስን፤ ጥይት። ጠመንጃውን የቆጠረ ጥይቱን ቆጥሯል የሚለው አነጋገር ስሌቱ ላይ አይቆምም። አንድ የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል። 100 አባወራ እያንዳንዱ አንድ ክላሽና አንድ ሙሉ ካዝና ቢኖረው 3,000 ጥይት ነው። ወሬ ይሰማና እያንዳንዱ አራት ካዝና ልሙላ ይላል፤ 12,000 ሆነ። አንድም ጠመንጃ አልተገዛም፣ የጥይቱ ክምችት ግን አራት እጥፍ ሆኗል። ጠመንጃ ለትውልድ የሚቆይ ንብረት ነው፤ አንዴ የገዛው ሰው ለመጨመር ብዙ ያስባል። ጥይት ግን ያልቃል፣ ይከፋፈላል፣ በትንሽ በትንሽ ይገዛል፣ በኪስ ገብቶ ይሄዳል። ስለዚህ ስጋት ሲነሣ ቀድሞ የሚነቃነቀው እሱ ነው፤ ስጋት ሲረግብም ቀድሞ ሻጭ የሚያገኘው እሱ ነው። የጎንደርን ሕዝብ ስሜት በገበያ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ጠመንጃውን ትቶ ጥይቱን ይከታተል።

በጥይቱ ውስጥም አንዱ ዘር ከሌላው ይለያል፤ ለዚህ ደግሞ የጎንደር ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። የጥይት ዘር የሚለወጠው በዲፕሎማሲ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ ለትግራዩ ካሳ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ሰጥቶ ሄደ፤ በ1863 ዓ.ም. ካሳ በቁጥር የሚበልጠውን የአጼ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር አሳም ላይ ድል ነሥተው ኋላ አጼ ዮሐንስ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን ዘመናዊ መሣሪያ ሲገድብ የአገራችን ገበያ በኦቦክና በጅቡቲ በር ላይ ተንጠለጠለ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ባለ 6.5 ሚሊሜትሩ የጣሊያን ጠመንጃ በየቤቱ ቀረ፤ አምራቹ ግን ጣሊያን ስለነበረ ጥይቱ እያለቀ ሲሄድ የሚተካው ጠፋ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈረመና ኤም ዋን የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ከነጥይቱ መጣ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጦ ወደ ሶቭየት ዞረ፤ ክላሽና 7.62 በ39ኙ ጥይት አገሩን ሞላ፣ ኤም ዋኑ ጾሙን አደረ።

በአዛውንቶች ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ምንሽሮች ዋጋቸው የወደቀው ስለተሰበሩ አይደለም። አፈሙዛቸው ደህና ነው፣ ሰደፋቸውም የተወለወለ ነው። ጥይት የሚሰጣቸው መንግሥት ስለሌለ ነው የረከሱት። ይህ እያለ ፖለቲካ ፍላጎትን አይነካም ማለት ይከብዳል። ገዢው ጠመንጃ ሲመርጥ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ጥይቱ ይገኛል ወይ የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ የትኛው ሠራዊት ምን ይዟል፣ የትኛው ጎረቤት አገር ከማን ይገዛል ማለት ነው።

ጠመንጃ ቆጥሮ ጥይት የሚገምት ሰው የሚያመልጠው ሌላም ነገር አለ፤ የተቀበረ ጥይት ሁሉ ጥይት ሆኖ አይቆይም። በስጋት የተከማቸው በብዛት የሚቀመጠው በማይሆን ቦታ ነው፤ በጎተራ ሥር፣ በበረት ጥግ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ። የናስ ቀለሃ ከከብት ሽንትና ከዩሪያ ማዳበሪያ የሚወጣው አሞኒያ ሲነካው አንገቱ ላይ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። እንግሊዞች በሕንድ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያስቀመጡት ጥይት እንዲሁ ተሰነጣጥቆባቸው ነው ነገሩ የታወቀው። አብዛኛው የክላሽ ቀለሃ ደግሞ ብረት ነው፤ ቀለሙ ወይም የመዳብ ቅቡ ከተፋቀ በጎንደር ክረምት ዝገት ይጀምረዋል። እርጥበት የገባው ጥይት ቃታው ሲሳብ ዝም ሊል፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ፣ ወይም በደካማ ድምፅ ተኩሶ እርሳሱን አፈሙዝ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። የመጨረሻው ገዳይ ነው፤ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ሲመጣ ብረቱ ተቀዶ የተኳሹን ፊትና እጅ ይበላል። ዝም ያለ ጥይት ሲያጋጥም አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ፣ ድምፁ ከወትሮው ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ጭራሽ ማቆም እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ሰው ዛሬ በብዙ ቀበሌ ታጥቋል። በወሬ የታጠቀ ሰው የሚያስተምረው አያገኝም፤ ይህም የፖለቲካው አንዱ ዋጋ ነው።

ስለ አሜሪካ የጻፉት ግን በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ አኃዙ ስላለ ብዙ አያከራክርም። በዚያ አገር ፈቃድ ካለው ሱቅ መሣሪያ የሚገዛ ሰው በፌዴራሉ መንግሥት የማጣሪያ ሥርዓት ያልፋል። የማጣሪያው ቁጥር ከሽያጭ ጋር አንድ አይደለም፤ ለፈቃድ እድሳትም ይደረጋል፤ አቅጣጫውን ግን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. 19.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ታኅሣሥ ወር ላይ በአንድ የኮኔቲከት ትምህርት ቤት ሕፃናት ተጨፈጨፉና ፕሬዚዳንት ኦባማ ሕግ እናጠብቃለን አሉ፤ የዚያ ወር ብቻ 2.7 ሚሊዮን አለፈ፣ የእ.ኤ.አ. 2013 ዓ.ም. ድምርም 21 ሚሊዮን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ሂላሪ ክሊንተን ያሸንፋሉ ተብሎ ሲጠበቅ 27.5 ሚሊዮን ሆነ። መሣሪያ ደጋፊው ትራምፕ አሸንፈው ሥልጣን በያዙበት እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ወደ 25 ሚሊዮን ወረደ። በዕዳ ተጨናንቆ የነበረው ረሚንግተንን የመሰለ አንጋፋ አምራችም ሽያጭ ሲቀንስበት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ዓ.ም. የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ የጎዳና ግጭቱና ምርጫው ባንድ ላይ ሲመጡ 39.7 ሚሊዮን ሆነ። እንግዲህ የሚያስገዛው ወዳጅ መንግሥት ነው ወይስ ስጋት?

ከዚያው አገር ስለ ጥይት የምንማረው ደግሞ ይበልጣል። ከ2012ቱ ስጋት በኋላ ከሁሉ በላይ የጠፋው ርካሿ የ.22 ጥይት ነበረች፤ እጥረቱ ዓመታት ፈጀ። ሱቆች ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ አንሸጥም እያሉ ሲገድቡ ሰው የበለጠ ተሰለፈ። ፋብሪካዎቹ ለምን አልጨመሩም ለሚል፣ ጥይት ከቀለሃ፣ ከባሩድና ከእርሳስ ሌላ ከኋላው ያለችውን ትንሽ መለኮሻ ይፈልጋል፤ እሷን በብዛት የሚሠሩት ጥቂት ድርጅቶች ብቻ ናቸው። ሥራዋ አደገኛ ስለሆነ አዲስ መስመር መክፈት ዓመታት ይወስዳል። ባለ ፋብሪካዎቹም ፍላጎቱ ከምርጫ ጋር መጥቶ ከምርጫ ጋር እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ገንዘባቸውን አያፈሱበትም። የፖለቲካ ስጋት በሳምንት ይነሣል፣ ፋብሪካው ግን በሳምንት አይሰፋም፤ መሃል ላይ ያለው ክፍተት ነው የዋጋ ንረት የሚባለው።

የማስፈታት አዋጅ ገበያውን ያቀዘቅዛል ወደሚለው እንምጣ፤ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ሕግ አያስፈልግም አንልም። ሕጉ አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶ፣ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሎ ወጥቷል። ጥያቄው አንድ ማስታወቂያ ሲነገር ሰው ምን ይሰማል የሚለው ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ዕለት የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በ2 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ተነገረው። በዚያው ሰሞን ለአማራ ክልል ሕዝብ የተላለፈው ጥሪ ያለህን መሣሪያ ይዘህ ዝመት የሚል ነበር። ከ17 ወር በኋላ፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም.፣ ልዩ ኃይሉ ሊፈርስ ነው ሲባል በገጠሩ የተሰማው ቀጣዩ ተረኛ አንተ ነህ የሚል ሆነ። ይዘህ ውጣ ተብሎ የተመሰገነበትን ዕቃ በሁለት ዓመት ሳይሞላ አስረክብ የተባለ ሰው የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ትርፍ ይኑረኝ። አንዱን ያስመዘግባል፣ ሌላውን ይቀብራል፣ ጥይቱን ይጨምራል። ገበያው የሚግለው አዋጁ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ እስኪፈጸም ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1994 ዓ.ም. አሜሪካ የተወሰኑ ጠመንጃዎችንና ከ10 ጥይት በላይ የሚይዙ ካዝናዎችን ስትከለክልም ይኸው ሆኗል፤ ከእገዳው በፊት አምራቹ አምርቶ ገዢው ተሻምቶ ዋጋው ወጣ፣ ቀድሞ የተሠራው ደግሞ በሕግ ተፈቅዶ በሰው እጅ ቀረ።

ጸሐፊው አውስትራሊያን ጠቅሰዋል፤ ደግ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ከፖርት አርተሩ ግድያ በኋላ አውስትራሊያ 650,000 ገደማ መሣሪያ ሰብስባለች። ያልጠቀሱት ግን እንዴት እንደተሳካ ነው። ለባለቤቱ ተከፍሎታል፤ ገንዘቡም በጤና መድን መዋጮ ላይ ለአንድ ዓመት በተጨመረ 0.2 በመቶ ተሰብስቧል። ኒውዚላንድም ከ2019ኙ የክራይስትቸርች ጥቃት በኋላ 56,000 ገደማ ስትሰበስብ ከፍላለች። ሁለቱም በባሕር የተከበቡ ናቸው፤ ያስረከበ ሰው ሌሊት ፖሊስ ሲጠራ ይመጣለታል። መተማ ደሴት አይደለም። እዚህ ከገበያው በላይ ክፍያ ቢታወጅ ከድንበር ማዶ ለመንግሥት የሚሸጥ መሣሪያ ይጎርፋል፤ ከገበያው በታች ቢታወጅ የሚመጣው ቃታው የተሰበረ ውጅግራ ብቻ ነው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ላይ መሆኗ ሲጨመርበት የዋጋው ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከማስፈታት በፊት የሚቻለው ምዝገባ ነው፤ እሱም በትክክል ከተሠራ። በመዝገቡ ላይ ዓይነቱና በአካሉ ላይ የተመታው ቁጥር ብቻ አይበቃም። ክላሽን ብዙ አገሮች ስለሚሠሩት አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ጠመንጃዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ የፋብሪካው ምልክት አብሮ ካልተጻፈ ጠፋ የተባለው ተገኘ፣ የተገኘውም የሌላ ሆኖ ሰው በሐሰት ይታሰራል። ቁጥሩ በዝገት ወይም በቀለም ተሸፍኖ 3ቱ 8 ተብሎ ይጻፋል፤ ስለዚህ ተጠርጎ ፎቶ መነሣት አለበት። ቅጹ ሁለት ሆኖ አንዱ በባለቤቱ እጅ ይቅር፤ የቀበሌው ሽማግሌዎች ይፈርሙበት። ያለ ደረሰኝ የተወሰደ አንድ ጠመንጃ ወሬው በሦስት ገበያ ቀን ወረዳውን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘገብ ሰው አይገኝም፣ ዝርዝሩም የመንጠቂያ ዝርዝር ነው ተብሎ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤታማ ቀበሌዎች በአንድ ቀን ይመዝገቡ። አንዱን ወገን ቀድሞ መዝግቦ ሌላውን በሚቀጥለው ወር ማለት በመሃሉ ያለውን 30 ቀን የግዢ ወር ማድረግ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ጠመንጃ የማይበላሽ ሀብት ስለሆነ አይጎዳም የሚለው። ሰላም ሲወርድ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሊሸጥ ስለሚወጣ ዋጋው እንደ 1983ቱ ይወድቃል፤ ስጋት ሲከፋ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ አይሸጠውም። የሚያስፈልገው ቀን ገንዘብ የማይሆን ሀብት ነው። የሚገዛበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣም ይታሰብ። በገጠሩ የሚሸጠው በሬ ነው። ሁለት በሬ የነበረው ገበሬ አንዱን ሸጦ ክላሽና ሦስት ካዝና ጥይት ሲገዛ በቀረው አንድ በሬ መቀናጆ ይገባል። የተቀናጀው ጎረቤት ተራውን መጀመሪያ ያርሳል፤ ዝናቡ ጥሩ ሲሆን የበሬ ሻጩ ማሳ ገና ሁለተኛ እርሻ ላይ ነው። ጤፉ በሐምሌ መዘራቱ ቀርቶ ወደ ነሐሴ ይገፋል፣ ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ሚስቱ በኅዳር ጎተራውን ስትከፍት የጎደለውን ኩንታል ታየዋለች፤ ከጎተራው ሥር ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለው ጥይት ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ከርሟል።